ሶብዳር የፈታው ክር

ቀን፦ ሰኞ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ለኮት ዋሂድ ወረዳ የዚያራዎችና የወቅፍ ንብረት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው ለሳይን ኢምዳድ ሶላንጊ
ኮት ዋሂድ

አመልካች፦ ሐኪምዛዲ፣ የኒሃል ላሻሪ ባለቤት፣ የሶብዳር እናት
አድራሻ፦ ለጊዜው በጓደኛ ቤት ተጠግታ የምትገኝ

ጉዳዩ፦ የአሥር ዓመት ልጄ ሶብዳር በኬሰር ሻህ ዚያራ «ፈቃደኛ አገልጋይ» ሆኖ እንዲቀመጥ የተሰጠው ፈቃድ ከመጪው ሐሙስ በፊት እንዲሰረዝልኝ፣ የተዘጋብን የእናቶች ጥግም እንዲከፈትልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ማመልከቻ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ለሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ጉዳዬን ባስረዳ አንደኛው «በወሊዩ በኬሰር ሻህ ነገር ብዕር አላነሳም፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ «እህቴ፣ ባልሽ ይምጣና ያመልክት» ብሎ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ስለዚህ የአጻጻፍ ደንብ ቢጎድልብኝ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት መሆኔን አስበው ይለፉኝ። ከነገሩ ግን ምንም አላጎደልኩም።

1. ልጄ ሶብዳር ኦቲዝም አለበት። ስሙን የነገረችኝ ካራቺ ያለች የሕፃናት ሐኪም ናት፤ ልጁ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። «በሽታ አይደለም፣ አፈጣጠሩ ነው» አለችኝ። አማቴ ግን ዛሬም ድረስ «ስታረግዢው ፀሐይ ግርዶሽ በሆነች ቀን መቀስ ይዘሽ ነበር» ይሉኛል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መቀስ ያልያዝኩበት ቀን የለም። ሶብዳር ቃል አይናገርም። ሰው በድንገት ሲነካው ይጮኻል፣ ከበሮ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ያጋጫል። ቋጠሮ ካየ ደግሞ ሳይፈታ አይነሳም። የጫማ ማሰሪያ ይሁን፣ የፍየል ገመድ ይሁን፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ባለፈው በጋ የአማቴን አልጋ ገመድ ከሥር ፈትቶ ጨርሶ ኖሮ፣ እሳቸው ጋደም ሲሉ ቀጥታ መሬት ላይ አረፉ። «ይህ ልጅ በቁሜ ሊቀብረኝ ነው!» ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። ይህን የምጽፈው ክቡርነትዎን ለማሳቅ አይደለም፤ በኋላ ለደረሰው ነገር ምክንያቱ ይኸው ስለሆነ ነው።

2. ወደ ኬሰር ሻህ መቃብር፣ ወደ ዚያራው መመላለስ የጀመርኩት እንደማንኛዋም እናት ልጄን ለማስፈወስ ነው። በዚያን ጊዜ እኔ ራሴ ደህና አልነበርኩም። ሰላቴን አልተውኩም፣ ነገር ግን ሱጁድ ወርጄ፣ ግንባሬን መሬት አስነክቼ የምለው ይጠፋኝ ነበር። በአላህ ተቀይሜ ነበር። ሰው ሁሉ «ታገሺ» ይለኛል፤ ትዕግሥት ግን ከሱቅ አይገዛም። ከቤታችን ጀርባ የመስኖ ቦይ አለ። ልብስ አጥቤ ስጨርስ ሳልነሳ ውሃውን እያየሁ የምቀመጥበት ቀን እየበዛ ሄደ።

እንዲህ ሆኜ ነው አንድ ሐሙስ ከሴቶች ግቢ በስተጀርባ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ጀምናን ያገኘኋት። ጀምና ሂንዱ ናት፤ በኬሰር ሻህ በር ማን ምን እንደሆነ የጠየቀ ስለሌለ እሷም እንደ እናቷና እንደ አያቷ ትመጣለች። ልጇ ቸንድሪ የእኔን ልጅ ትመስላለች። ሶብዳር እየጮኸ ስጎትተው አየችኝና «ያንቺም ይነክሳል?» አለችኝ። «ይነክሳል» አልኳት። «በይ እንግዲያው ተቀመጪ» ብላ ምንጣፏን ገፋ አደረገችልኝ። በስንት ዓመቴ ሳቅኩ። ከዚያ የጉላብ እናት ራስቲ መጣች፣ ሌሎችም ተከተሉ። አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ልጇን ትይዝላታለች። እያንዳንዳችን በየሃይማኖታችን ዱዓ እናደርጋለን፤ ልጆቹም እንደልባቸው ይወዛወዛሉ፣ «ልጅሽን ያዢ» የሚል የለም። ሐኪሟ የልጄን ነገር ስም ነገረችኝ፣ ያ ጥግ ደግሞ መቀመጫ ሰጠኝ። ከአላህ ጋር የታረቅሁትም እዚያው ነው። ክቡርነትዎ «ያልተፈቀደ የሴቶች ስብሰባ» ብለው በደብዳቤዎ የጠሩት ይህንኑ ነው።

3. የዚያራውን ልማድ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሐጃ፣ የልብ ልመና ያላት ሴት ከመቃብሩ መስኮት ፍርግርግ ላይ ክር ታስራለች። ሐጃዋ ሲሞላላት ራሷ ተመልሳ መጥታ ትፈታና ጣፋጭ ሩዝ ቀቅላ ታድላለች። ያላሰረችውን የምትፈታ የለችም፤ የሌላ ሰው ዱዓ ነውና።

ከሰዓት በኋላ በአስር ሰላት ሰዓት ልጆቹን የምትጠብቅልን ጀምና ነበረች። እኛ ስንሰግድ እሷ ሥራ የላትም እያልን እንቀልድባት ነበር። ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ፣ ግን ለዲዋሊ በዓል ቤቷን ኖራ ትቀባ ስለነበር ቀረች። እኛ ደግሞ በልማድ ተነስተን ሰገድን። ሰላቴን አሰላምቼ ዞር ስል ሶብዳር አጠገቤ የለም። ከፍርግርጉ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። እጁ እስከሚደርስበት ድረስ መስኮቱ ራቁቱን ቀርቷል። ክሮቹ አልተቀደዱም፣ አልተጣሉም፤ ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ አድርጎ መሬቱ ላይ ደርድሯቸዋል። ልጄን እንደዚያ ረግቶ አይቼው አላውቅም።

አንዲት ሴት አየችና «ልመናዬን ፈታብኝ! ስንት ዓመት የለመንኩትን ልጄን ፈታብኝ!» ብላ ጮኸች። መጥታ በጥፊ መታችኝ። ሌላዋ «ጂኒ ነው፣ ያዙት!» አለች። ከወንዶቹ ግቢ ደግሞ «ማን ነው ወሊዩን የደፈረው?» የሚል ድምፅ መጣ። ክቡር ሆይ፣ በአገራችን ይህ ቃል ከተነሳ በኋላ ምን እንደሚከተል ያውቃሉ። ልጄን መሬት ላይ አስተኝቼ በላዩ ተኛሁበት። እግር በጎኔ ሲያርፍ ይሰማኛል፤ ሶብዳር ከሥሬ ይጮኻል። አለቀልን ብዬ ነበር።

በዚያ መሐል የዚያራው ባለአደራ ሳይን መቅቡል ደረሱ። ክሮቹን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ዝም በሉ፣ እናንተ ደንቆሮዎች! ክር የሚፈታው መቼ ነው? ሐጃ ሲሞላ አይደለም እንዴ? ወሊዩ ናቸው በዚህ ሕፃን እጅ የፈቱላችሁ! የሁላችሁም ሐጃ ሞልቷል፤ ሂዱና ሩዝ ቀቅሉ!» አሉ። ግቢው በአንድ ጊዜ በእልልታ ተሞላ። በጥፊ የመታችኝ ሴት ተንበርክካ የሶብዳርን እግር ሳመች። እሱ መነካት አይወድምና ሲጮኽ «ሐል መጣበት፣ መንፈሱ ወረደበት» አሉ።

ሳይን መቅቡል በዚያች ሰዓት የልጄን ሕይወት አትርፈዋል። ይህን አልክድም፤ ቅንጣት ውለታ እንኳ የማልረሳ ሰው ነኝ። በደሌ የሚጀምረው ያተረፉትን ልጅ ለራሳቸው ያስቀሩት ጊዜ ነው።

4. በማግሥቱ ሳይን መቅቡል ወደ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ወደ ወሪዮ ላሻሪ ቤት መጡ። ልጁ አርባ ቀን በዚያራው እንዲቀመጥ፣ ሐሙስ ሐሙስ ለሕዝብ እንዲታይ ተስማሙ። እኔ ሻይ አቀርብ ነበር፤ አንድም ቃል የጠየቀኝ የለም። አልሰጥም ስል ወሪዮ «ስድስት ዓመት ሙሉ ዕብድ ወለዱ ስንባል ኖረን፣ ዛሬ ከቤታችን ወሊይ ቢወጣ ልትደብቂው ነው?» ብሎ ተቆጣ። ባለቤቴ ከባሕር ማዶ ሙስካት ነው የሚሠራው። ስልክ ደወልኩለት። «ወንድሜ ያለው ይሁን። ደግሞ ማን ያውቃል?» አለኝ። «እኔ አውቃለሁ» አልኩት። ስልኩ ተዘጋ፤ መስመሩ ይሁን እሱ አላወቅሁም።

ጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ያሳረፈበት ወረቀት ሶብዳርን «በፈቃዱ ዚያራውን ለማገልገል የቀረበ» ይላል። ልጄ ውሃ ሲጠማው እጄን ጎትቶ ወደ እንስራው ይወስደኛል እንጂ «ውሃ» አይልም። ይህን ሁሉ ፈቃድ በየትኛው አንደበት እንደሰጠ ጽሕፈት ቤትዎ ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ። ከሥር ያለው የጣት አሻራ የወሪዮ ነው።

5. ባለፈው ሐሙስ የፈራሁት ደረሰ፤ ልጄን ከእጄ ወሰዱት። አረንጓዴ ካባ አልብሰው ከግቢው መሐል ካለው መደብ ላይ አስቀመጡት። እኔን «እናቱ ካለች ሐሉ አይመጣም» ብለው ከፍርግርጉ ጀርባ አቆሙኝ። ሕዝቡ ተሰልፎ ቋጠሮ የበዛበት ክር ያቀርብለታል። የፈታላት እየሳቀች ትሄዳለች። ገፋ ያደረገባት ታለቅሳለች። አንዷ ክሯን ሲጥለው «ምን በደልኩ? ምን አደረግሁህ?» እያለች ፊቷን ነጨች። እሷም የሰው እናት ናት፤ አንጀቴን በላችው። ሕፃን ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ የስንቱን ሰው ተስፋ ሲቆርጥና ሲቀጥል ዋለ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ።

ከዚያ ከበሮው ተጀመረ። ጆሮውን ያዘ። የእጁን አንጓ እስኪደማ ነከሰ። «ሐል! ሐል!» ይላሉ። ሸሽቶ ሊወርድ ሲል ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለውን አየሁ። በረካው፣ በረከቱ እንዳይሸሽ ተብሎ በብር ሰንሰለት ከምሰሶው ጋር ታስሯል። ሶብዳር ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን በጣቶቹ ደጋግሞ ፈተሸ። ገመድ ቢሆን ፈትቶት ነበር። ሰንሰለት ግን ቋጠሮ የለውም፤ ይህን ሲረዳ ፊቱ ላይ ያየሁትን በዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም።

ፀሐይ ጠልቃ ለመግሪብ ሰላት ሰዉ ሲቆም መደቡ ላይ ወጣሁ። የሰንሰለቱን ቁልፍ ማን እንደሰጠኝ አልናገርም፤ ፖሊስ ቢጠይቀኝም አልናገርም። ልጄን ተሸክሜ ወጣሁ፣ ከነካባው። በሰላት ሰዓት የሚያስቆመኝ አልነበረም።

6. አሁን ያለነው በጀምና ቤት ነው። ወሪዮ ሁለት ጊዜ በሩ ላይ መጥቶ «የላሻሪን ወሊይ በሂንዱ ቤት ደብቀሻል፣ ሕዝቡ ቢሰማ ለዚህ ቤት ደግ አይሆንም» ብሏል። የጀምና ባል ሱቁን ዘግቶ ነው የሚውለው። አንድ ቀን እንኳ «ውጪልን» አላሉኝም፤ እኔ ግን በየቀኑ አፍራለሁ። ባለፈው ዓርብ ደግሞ የክቡርነትዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ልጁን እስከ ሐሙስ ካልመለስኩ በፖሊስ እንደሚወሰድ ይገልጻል። የኒሙ ዛፍ ጥግም «ለስለት ወረፋ ስለሚያስፈልግ» መዘጋቱን ያው ደብዳቤ ይናገራል።

ጥጉ ከተዘጋ ወዲህ እያንዳንዳችን በየቤታችን ነን። ራስቲ ከልጇ ጋር ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች። ትናንት በሰው ልካ «ግድግዳው እየመጣብኝ ነው በሏት» አለችኝ። ያንን ግድግዳ አውቀዋለሁ። ክቡርነትዎ ይህን እንደ ሴት ወሬ አይዩብኝ፤ ራስቲ እርዳታ የምትፈልገው ዛሬ ነው፣ ያለችን ሐኪምም እርስ በርሳችን ነበርን።

7. ከዚህ ቀጥሎ ያለው በራፖር ሥርዓት የሚጻፍ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ለውሳኔዎ ስለሚጠቅም እጽፈዋለሁ።

ሶብዳር ከፈታቸው ክሮች መሐል የእኔም ክር ነበረ። ከሻሼ ጫፍ ቀድጄ ያሰርኩት ሰማያዊ ክር ነው። የለመንኩበትም ይህ ነው፦ «ያ አላህ፣ ከእኔ አንድ ቀን ቀድመህ ውሰደው።» እንዲናገር አልለመንኩም። እንዲድን አልለመንኩም። አንድ ቀን ቀድሞኝ እንዲሞት ነው የለመንኩት፤ አጥቤ፣ ከፍኜ፣ ቀብሬው በማግሥቱ እንድከተለው። ይህ ኃጢአት ነው የሚል ካለ ከእኔ ሞት በኋላ ማን እንደሚያጎርሰው አብሮ ይንገረኝ። አንድ ቀን ዛፉ ሥር ተቀምጠን ስንነጋገር ሁላችንም የምንለምነው ያንኑ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ጀምና «በሉ እንግዲህ፣ ሰማይ ቤትም ወረፋ እንያዝ» አለች። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

ክቡር ሆይ፣ ሳይን መቅቡል በሕዝብ ፊት የተናገሩት እውነት ከሆነ፣ የተፈታ ክር ሁሉ የሞላ ሐጃ ከሆነ፣ የእኔም ሐጃ ሞልቷል ማለት ነው። ልጄ ሊሞት ነው። ሞት የተፈረደበትን ሕፃን ደግሞ ካባ አልብሶ መደብ ላይ ማስቀመጥ ከየት የመጣ ሸሪዓ ነው? ንግግራቸው እውነት ካልሆነ ግን ወሊይም የለ፣ ተአምርም የለ፤ ያለው ቋጠሮ የሚወድ የአሥር ዓመት ልጅ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። በየትኛውም ቢሆን ልጄ የእኔ ነው።

ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ሶብዳር በተኛ ቁጥር ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ሳል ሲለው ተነስቼ እቀመጣለሁ። ለዓመታት በየዱዓዬ የለመንኩት ነገር በሩን አንኳኳ ቢባል፣ በሩን የምይዘው እኔው ራሴ መሆኔን ያወቅሁት አሁን ነው። አልፈልገውም። ልጄ እንዲቀብረኝ እፈልጋለሁ። አፈር እንዴት እንደሚመለስ ባያውቅ፣ አንዲት ሴት እጁን ይዛ ታሳየው። ከበሮ እንደማይወድ የምታውቅ፣ ዳቦው ከወጡ ጋር ከተነካካ እንደማይበላ የምታውቅ፣ ሳትነግረው እንደማትነካው የምታውቅ ሴት። እንዲህ ያሉት ሴቶች በዚህ ወረዳ ውስጥ የሚገኙት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ክቡርነትዎ ለስለት ወረፋ የሰጡት ቦታ። ከመሐላችን ቀድማ የሞተች እናት ብትኖር ልጇን የቀረነው ልናሳድግ ተማምለናል፤ ጀምና በእሳቷ ፊት፣ እኛ በቁርአን።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው፦

ሶብዳርን የሚመለከተው ፈቃድ ከሐሙስ በፊት ተሰርዞ፣ መሰረዙ በዚያራው ድምፅ ማጉያ እንዲነገር፤ «ወሊይም አይደለም፣ ጂኒም የለበትም፣ የሐኪምዛዲ ልጅ ነው» ተብሎ ቢነገር ለእኔ ይበቃኛል። ይህ ካልተነገረ የጀምናን ቤት የሚጠብቀው የለም።

የኒሙ ዛፍ ጥግ ሐሙስ ሐሙስ ከቀትሩ ዙህር ሰላት እስከ መግሪብ ለእናቶች እንዲመለስ፣ በዚያ ሰዓትም ከበሮ እንዳይመታ።

ወረፋ የሚፈልጉ ካሉ ግቢው ሰፊ ነው። ሳይን መቅቡልን አልከስም፤ ሰንሰለቱን ግን በማንም ልጅ እግር ላይ ዳግመኛ እንዳያደርጉት ጽሕፈት ቤትዎ ቢያስጠነቅቃቸው ደስ ይለኛል።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ከመጻፌ በፊት ሰግጄ፣ ለአላህ አቅርቤው የነበረውን ያንን ልመና መልሼ ወስጃለሁ። «ተሳስቼ ነው የጠየቅሁህ፣ አቆይልኝ» ብዬዋለሁ። እሱ ይቅር ባይ ነው፣ አይቀየመኝም። ይህን ለእርስዎ ያቀረብኩትን ግን ማንም ቢመጣ፣ ምንም ቢመጣ መልሼ አልወስደውም።

የሐሙስን ውሳኔ ከምትጠብቅ እናት፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሐኪምዛዲ፣ የሶብዳር እናት

ከአመልካቿ ጋር የቆሙ፦
(የጣት አሻራ) ራስቲ፣ የጉላብ እናት
(ፊርማ) ጀምና፣ የቸንድሪ እናት፤ የሶብዳርም